የማይፈታው ስፌት

ስቱዲዮው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ «እማማ ስጋት» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት የመብራት ሠራተኞቹ ናቸው። አንድ ቀን ከጣሪያው የተንጠለጠለ ትልቅ መብራት ሥር ተዋንያን ተሰብስበው ሲያወሩ አየችና «ኧረ ልጆች፣ ይሄ ነገር ቢወድቅስ?» ብላ ሁሉንም ከተቀመጡበት አስነሣቻቸው። መብራቱ አልወደቀም። ዛሬም እዚያው ተንጠልጥሏል። እሷ ግን እስካሁን በሥሩ አታልፍም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ዞራ ነው የምትሄደው።

ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። የሚቀረጸው ተከታታይ ድራማ ከተጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ያኔ በእናታቸው ጭን ተኝተው ያዩት የነበሩ ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች አቅፈው ያዩታል። ታሪኩ ማዶዎች ስለሚባሉ የሌላ ዓለም ፍጡራን ነው። ቆዳቸው አመድ ይመስላል፣ በየእጃቸው ያለው ጣት አራት ነው፣ ዓይናቸው አይርገበገብም። ከመጀመሪያው ምዕራፍ አንሥቶ ልብሳቸውን የሰፋችው እሷ ናት።

ማዶዎች ሬሳ አይቀብሩም። እንደ ዛፍ ልጣጭ በሻከረ ጨርቅ ከእግር እስከ ራስ ጠቅልለው ይሰፉታል። ቅርፊት ይባላል። የመጨረሻዋን ስፌት የምትሰፋው የሟች እናት ናት፤ ስትሰፋ አትናገርም፣ አታለቅስም። አንዴ የተሰፋ ቅርፊት ደግሞ አይፈታም። ይህን የማያውቅ ተመልካች የለም። ሕፃናት አሻንጉሊታቸውን በካልሲ ጠቅልለው «አይፈታም፣ አይፈታም» እየተባባሉ ይጫወታሉ።

የሕጉ አመጣጥ ግን የሚያስቅ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ቅርፊቱ ከኋላው ዚፕ ነበረው። ቀረጻ ሊጀመር ሲል ዚፑ ተሰበረ፤ ሌላ ዚፕ የለም፣ ሱቁም ዝግ ነው። ውስጥ ያለው ሰው ሳይሆን ስፖንጅ ስለሆነ ምን ገዷት፣ ጥርቅም አድርጋ ሰፋችው። በኋላ ቅርፊቱን እንዲከፍት የታዘዘው ተዋናይ መክፈቻ አጣ። ቢታገል፣ ቢጎትት፣ ወይ ፍንክች። ሲጨንቀው ከራሱ ፈጥሮ «ቅርፊት አይፈታም» አለና ፊቱን አዙሮ ሄደ። ያን ጊዜ የነበረው ዳይሬክተር ወደደው፤ ተመልካች ደግሞ አበደለት። የተሰበረ ዚፕ የአንድ ሕዝብ ሃይማኖት ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እማማ ስጋት ወደ ምሳ ቤት ስትገባ «ሕግ አውጪያችን መጡ፣ ወንበር ልቀቁ» ይሏታል። እሷም ትስቃለች። ሲሉ ሰምታ፣ ሳቃ፣ ምሳዋን በልታ ትመለሳለች። ሕጉ አንድ ቀን ዞሮ ቤቷን ያንኳኳል ብላ አላሰበችም። ሁሉን ነገር የምትፈራ ሴት ይህን ብቻ ሳትፈራ ቀረች።

ያንኳኳው በልጇ በኩል ነው። ልጅቷ ለብዙ ጊዜ ከኋላ የሚያልፍ ማዶ ሆና ስትሠራ ከቆየች በኋላ፣ በዚህ ምዕራፍ ንግግር ያለው ሚና አገኘች። የምትጫወታት ወጣት ማዶ በምዕራፉ መጨረሻ ትሞታለች፤ ቅርፊት ውስጥም ትገባለች። አዲሱ ዳይሬክተር ደግሞ ስፖንጅ አልፈልግም አለ።

«ተመልካቹ ጨርቁ ከፍ ዝቅ ሲል እንዲያይ ነው የምፈልገው» አለ፤ «የመጨረሻ ትንፋሿን። ከዚያ ጨርቁ ዝም ሲል። ማዶዎች ነፍስ ሳትወጣ ነው የሚሰፉት፣ በስምንተኛው ምዕራፍ ተነግሯል።»

እማማ ስጋት ይህን ስትሰማ መርፌው ከእጇ ወደቀ። ልጅቷ አስም አለባት። ሕፃን ሳለች ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ሲል፣ እሷ አቅፋት መስኮት ከፍታ ስንቱን ሌሊት ቆማ አንግታለች። ልጅቷ ግን ለስቱዲዮው ሰዎች አልተናገረችም። አስም ያለበትን ሰው ማነው ጭስና ቀለም ባለበት ቦታ የሚቀጥር?

ማታ እቤታቸው እራት ቀርቦ፣ እናት ሳትጎርስ «ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«ልጄ ትንፋሽ ያጥራታል ብዬ ነዋ።»

«እማዬ፣ እንደዚያ ካደረግሽ ሁለተኛ አላናግርሽም። ሲያባርሩኝ ደግሞ እዚሁ ቁጭ ብዬ ፊትሽን ሳይ ነው የምውለው። ትፈልጊያለሽ?»

«በሕይወት ኖረሽ ፊቴን ብታዪ ምን አለበት?»

«አየሽ፣ ገና ሳልሞት ቀበርሽኝ።» ልጅቷ ሳቀች። «ባለፈው ወር ደረጃ ትወድቂያለሽ አልሽ፣ አልወደቅኩም። ከዚያ በፊት ሊፍት ይቆምብሻል አልሽ፣ አልቆመም። አውቶቡሱ ይገለበጣል አልሽ...»

«አትጥሪው እሱን።»

«አልተገለበጠም እኮ። አንቺ የምትፈሪው ሁሉ ቢደርስ ከተማው ውስጥ ሰው ባልቀረ።»

እውነት ነው፣ ስንቱን ፈርታ ስንቱ ሳይሆን ቀረ። ግን የፈሩት ይደርሳል የሚባለውም ለከንቱ አይደለም። በመጨረሻ ተስማሙ፦ አትናገርም፤ በምትኩ ቅርፊቱን የምትሰፋው እሷ ስለሆነች፣ በአፍንጫው ትይዩ ከጨርቁ እጥፋት ሥር ዓይን የማያየው ቀዳዳ ትተዋለች።

ቅርፊቱ ሥራው ከባድ ነው። ጨርቁ ሙጫና ቀለም እየጠጣ፣ እየደረቀ፣ ደግሞ እየጠጣ ነው ልጣጭ የሚመስለው። ሲያልቅ ውኃ ቢያፈሱበት አያሳልፍም። እማማ ስጋት በልጅዋ ልክ ቆረጠችው፤ ስትለካው «እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የሬሳ ልብስ ለገዛ ልጄ» እያለች። ቀዳዳውን አበጀችው። አፏን ገጥማ ነፍታ ሞከረችው። አየሩ ያልፋል። የዚያን ቀን እንደ ሰው በላች።

ደስታዋ የቆየው ዳኛው እስኪመጣ ነው። ዳኛው የሚሉት ያለፈው ታሪክ ከአሁኑ ጋር እንዳይጋጭ የሚጠብቅ ሰውዬ ነው። አንድ ማዶ በሦስተኛው ምዕራፍ በግራ እጁ ውኃ ከጠጣ፣ ዛሬም በግራው መጠጣት አለበት፤ በቀኙ ሲያነሣ ዳኛው ከካሜራው ኋላ «ግራ» ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። የልብስ ክፍሉ ገብቶ ቅርፊቱን ዙሪያውን ዳሰሰ፤ ጣቱ እጥፋቱ ሥር ገባና ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?»

«መተንፈሻ ነው። ሰው እኮ ነው የሚገባበት።»

«ቅርፊት ቀዳዳ የለውም፣ እህቴ። አንቺ ራስሽ ነሽ ያለ ቀዳዳ የሠራሽው። ነፍስ እንዳታመልጥ ነው የሚደፈነው ተብሎ በአምስተኛው ምዕራፍ አንድ ክፍል ሙሉ ተለቅሶበታል።»

«እጥፋት ሥር ነው፣ ማን ያየዋል?»

«ካሜራው እዚህ ድረስ ይጠጋል።» መዳፉን ፊቱ ላይ ለጠፈው። «ባለፈው ዓመት ያ ልጅ ዓይኑን አንዴ ቢያርገበግብ ተመልካቹ ያደረገንን ረሳሽው? በሩ ላይ መጥተው ነው የጮኹት። ለእነሱ ይሄ ጨዋታ አይደለም።»

«እና ለጩኸታቸው ብለን ሰው እንፈን?»

«ማን ሰው ያፍናል? ለአፍታ ነው። ቀረጻው እንዳለቀ በመቀስ እንቀደዋለን።» ዳኛው ፊቷን አይቶ ለስለስ አለ። «አንቺ እኮ መብራቱም ይወድቃል ብለሽ ነበር።»

ያን ጊዜ «ልጄ አስም አለባት» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ለልጅ የሰጡት ቃል እንደ እሾህ ነው፣ ሲውጡት ይወጋል፣ ሲተፉትም ይወጋል። ቀዳዳውን በገዛ እጇ ደፈነችው።

በማግስቱ ሌላ ጣጣ መጣ። የሟቿን እናት ሆና የምትሠራው ተዋናይት ስፌት አትችልም። ልምምድ ላይ መርፌውን እንደ ማንኪያ ይዛ ሲያያት ዳይሬክተሩ ራሱን ያዘ። «ተመልካች ይስቅብናል» አለና ዞር ብሎ ልብስ ሰፊዋን አያት።

«እማማ፣ እርስዎ ይስፉልን። ፊትዎ አይታይም፣ ቆብ ያለው ቀሚስ ያጠልቃሉ፤ እጅዎን ብቻ ነው የምንቀርጸው።»

ሁሉም እምቢ ትላለች ብለው ጠበቁ። እሷ ግን እሺ አለች። በሩቅ ሆኖ ከመንቀጥቀጥ በቅርብ ሆኖ መንቀጥቀጥ ይሻላል።

የቀረጻው ቀን ሜካፕ ክፍል እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጅቷን አመድ አለበሷት፤ ከንፈሯ ሳይቀር ግራጫ ሆነ። የእናትየውን እጅ እስከ ክርን ቀቡት፤ ማዶ አራት ጣት ነውና የቀለበት ጣቷንና ትንሿን ጣቷን በሙጫ አጣበቁባት። መርፌ ስትይዝ እጁ የሌላ ሰው እጅ መሰላት። ወደ ውጭ ሲወጡ በልጅቷ ጆሮ ሹክ አለቻት።

«የክሩን ጫፍ ወደ ውስጥ ረዘም አድርጌ እተውልሻለሁ። ጣትሽ ላይ ጠምጥሚው። ጨርቁ ዝም ማለት ስላለበት ትንፋሽሽን ላይ አልችልም። ደህና እስከሆንሽ ድረስ ክሩን ሳብ፣ ሳብ አድርጊልኝ።»

«ካልሳብኩስ?»

«እፈታዋለሁ።»

«እማዬ፣ ሙች ብዬሻለሁ፣ ‹ካት› ሳይባል እንዳትነኪው። ያለን ቅርፊት አንድ ነው። ሚናዬም አንድ ነው።»

«እንግዲያው ክሩን አትልቀቂ።»

መድኃኒቷን፣ ያን ወደ አፍ የሚነፋውን፣ እናት በጡቶቿ መካከል ወሸቀችው። ልጅቷ አላየችም።

አዳራሹ ጨለመ። ድንጋይ በመሰለ መድረክ ላይ ልጅቷ ተጋደመች፤ ጨርቁ እስከ አገጯ ድረስ ቀደም ብሎ ተሰፍቷል። «አክሽን» ሲባል እናት በቆቧ ሥር ተንበርክካ መስፋት ጀመረች። አገጩ ተሸፈነ። ከንፈሩ። ልጅቷ ዓይኗን ሳታርገበግብ ታያታለች፤ እናት ይህን ዓይን ነበር ልጅቷ ሕፃን ሳለች በጣቷ እየዳበሰች የምታስተኛው። አፍንጫው ተሸፈነ። ዓይኑ ተሸፈነ። የመጨረሻዋን የስፌት ቀለበት ስትስብ ጨርቁ ተወጥሮ ፊት አልባ ነገር ሆነ። ከእጇ ሥር የነበረው ልጇ ሳይሆን ቅርፊት ነው።

ጨርቁ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ከአፉ በላይ ያለው ቦታ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይላል፣ መልሶ ይነፋል። ካሜራው በጎማው ላይ ያለ ድምፅ እየተንሸራተተ ቀረበ። ክሩ በጣቷ ላይ ሳብ አለ። ደህና ናት። ደግሞ ሳብ አለ። በመድረኩ ጥግ የጭስ መሥሪያው ጢስ መልቀቅ ጀመረ፤ በዚህ ትዕይንት ጭስ እንዳለ ለእናት ማንም አልነገራትም።

ጨርቁ በጽሑፉ እንደተባለው ዝም አለ። ክሩ ሳብ አለ፣ ግን ደከም ብሎ፣ ዓሣ ነካ አድርጎ እንደተወው መንጠቆ። ዳይሬክተሩ «ካት» አላለም። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። ክሩን በዝግታ ወደ ራሷ ሳበችው፣ ‹አለሁ› እንድትላት። ክሩ መጣ። ዝም ብሎ መጣ፣ ማንም እንዳልያዘው፣ እየረዘመ፣ እየረዘመ፣ ጫፉ መርፌው በበሳው ቀዳዳ ወጥቶ መዳፏ ላይ ወደቀ።

ሊሆን ይችላል፣ አለች በልቧ፤ ጣቷ አልቦት ይሆናል። ትወናው ውስጥ ገብታ ረስታው ይሆናል። መብራቱም አልወደቀም። አውቶቡሱም አልተገለበጠም። አሁን ብትነካው ሚናዋ ይሄዳል፣ ዕድሜ ልኳን «እናቴ ናት ያጠፋችኝ» ትላለች። ወደ ዳይሬክተሩ አየች፤ ስክሪኑን እያየ በደስታ አንገቱን ይነቀንቃል። ወደ ዳኛው አየች፤ እሱ እንኳ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ልክ ነው፣ ከድሮው ጋር አንድም አይጋጭም።

ጨርቁ አይንቀሳቀስም።

ትስደበኝ፣ አለች። በሕይወት ኖራ ትስደበኝ።

መርፌዋን ከስፌቱ ሥር ሰዳ ወደ ላይ መነጨቀች። ክሩ አልበጠስ አለ፤ የተጣበቁት ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። የራሷ ስፌት ነው፣ ጥብቅ ነው፣ ለዘመናት ስትመሰገንበት የኖረችው። በጥርሷ ነከሰችው። ሙጫው ምላሷን አቃጠላት። አንድ ቀለበት ተበጠሰ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ በሁለት እጇ ይዛ እስከ ደረት ቀደደችው። ከወዲያ ሰው ጮኸ። አልዞረችም።

የልጅቷ ፊት ወጣ። ዓይኗ ግማሽ ተከፍቷል። እናት ከንፈሯን አየች፤ ግራጫ ነው፤ ግን ቀድሞም ግራጫ ነበር፣ የተቀባው ነው፤ ምኑን ከምን ትለየው? በአውራ ጣቷ ምራቋን ይዛ ቀለሙን ጠረገችው። ከቀለሙ ሥር የነበረው ከንፈር ከቀለሙ የባሰ ነበር።

እንዴት እንዳነሣቻት አታውቅም። ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ መድኃኒቱን ከጡቶቿ መካከል መዝዛ፣ አፏ ውስጥ ነፋችው። ምንም። ደግማ ነፋችው፣ ጀርባዋን በመዳፏ እየመታች፣ «ሳቢው፣ እናቴ፣ ሳቢው፣ ነይ፣ ሳቢው» እያለች። ያን አሮጌ በር የሚመስል ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ያለፈው ጊዜ ለእሷ ጊዜ አልነበረም። ሲጢጥ አለ። በሕይወቷ የጠላችው ድምፅ ነው፤ አሁን ግን ልትሰማው ጆሮዋን ወደ ልጅቷ ደረት አስጠጋች።

ሐኪም ተጠራ፣ ጭሱ ተዘጋ፣ በሩ ተከፈተ። ልጅቷ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ደጃፉ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያ ቃሏ «ክሩ ጠፋብኝ» የሚል ነበር። «ፈለግኩት፣ እማዬ። ጣቴ ላይ ነበረ። ከዚያ ጣቴም ጠፋብኝ።»

«ዝም በይ፣ አትናገሪ።»

«አባረሩኝ?»

አላባረሯትም። ዳይሬክተሩ አስሙን ስለ ደበቁት መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያ ደግሞ ቀረጻውን መልሶ አየው። ካሜራው አልቆመም ነበር። ቆብ ያጠለቀች አንዲት የማዶ እናት፣ ፊቷ ሳይታይ፣ በአራት ጣቷና በጥርሷ ቅርፊት ስትቀድድ፣ ልጇም ስትተነፍስ። «እንደዚህ ያለ ነገር ተቀርጾ አያውቅም» አለ። «ልጅቷ አትሞትም። ታሪኩን እንለውጠዋለን።»

ያኔ ነው ዳኛው ቀስ ብሎ የተናገረው። እየተቃወመ አልነበረም፤ ፊቱ እንደታመመ ሰው ነጥቶ ነበር።

«ይሄ ከታየ፣» አለ፣ «ተመልካቹ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቅርፊት ሲፈታ ሰው የሚተርፍ ከሆነ፣ እስከ ዛሬ የተሰፉትስ? ስንቱን ሰፍተናል። ነፍስ ሳትወጣ እንደሚሰፉ ደግሞ ራሳችን ተናግረናል። እንግዲያው እነሱም ውስጥ ሆነው ይተነፍሱ ነበር ማለት ነው። እናቶቻቸውም አጠገባቸው ተቀምጠው ዝም ብለዋል።»

ዳይሬክተሩ «ድራማ እኮ ነው» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። እማማ ስጋት ግን አልሳቀችም።

በማግስቱ ልጅቷን አስተኝታ፣ ደረቷ ላይ ጆሮዋን ደጋግማ ለጥፋ አዳምጣ፣ ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ወደ ስቱዲዮ መጣች። ሥራ አልነበረም። ቁልፍ ተቀብላ ወደ ዕቃ ቤቱ ወረደች። ያለፉት ምዕራፎች ቅርፊቶች ሁሉ እዚያ ናቸው፤ በየመንጠቆው ተሰቅለው፣ አቧራ ለብሰው፣ ሰው ወረፋ የያዘ ይመስላሉ። ሁሉንም የሰፋቻቸው እሷ ናት። ለበሩ የሚቀርበውን አውርዳ ወለሉ ላይ አጋደመችውና በመቀሷ ስፌቱን ትፈታው ጀመር። ውስጡ ቢጫ የሆነ፣ ሲነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ የሚፈረፈር ስፖንጅ ነው። አየችው። ወደሚቀጥለው ሄደች።

ዳኛው በሩ ላይ ሲደርስ ብዙ ፈትታ ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት። «የድሮ ዕቃ እኮ ነው። ሌላ አይገኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ውስጡ ስፖንጅ ነው። ራስሽ ነሽ የሞላሽው።»

«እሱንም አውቃለሁ።» ቀና አላለችም። «ልጄንም ደህና ናት፣ ትወና ነው ስል ነበር።»

ዳኛው ኮቱን አወለቀና በሌላው ጎን ተንበርክኮ የጨርቁን ጠርዝ ወጥሮ ያዘላት። «ቀስ በይ» አለ፤ «ጨርቁ አርጅቷል።» አብረው ፈቱ። ሳይነጋገሩ፣ አንዱ ሲይዝ አንዷ ስትቆርጥ፣ ስፖንጁ በዙሪያቸው እየተከመረ።

በመጨረሻ ከጥጉ ያለው ብቻ ቀረ፤ የመጀመሪያው፣ ዚፕ የተሰበረበት ጊዜ የሰፋችው። አወረዱት። ከሌሎቹ ይከብዳል፤ እርጥበት ይዞ ይሆናል። መቀሱን ልታስገባ ብላ እጇ ቆመ። ጎንበስ ብላ፣ አፍ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች።

«ምን ይሰማሻል?» አላት ዳኛው፣ ድምፁ ቀንሶ።

«ዝም በል» አለችው፤ «ላዳምጥ።»

እሱም ትንፋሹን ዋጠ።